የማን ዘፈን ነው?

የእህቴ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ የምትኖረው እኛ ጋር ነው። ማታ ማታ ሳሎኑ ጥግ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ታጠናለች፤ ስታጠና ደግሞ ዘፈን ካልከፈተች አይሆንላትም። ለብዙ ጊዜ ያንን ዘፈን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፍስሼዋለሁ። ጃፓንኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምትዘፍነው ልጅ እግር ሴት መሆኗንም አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግድ አልሰጠኝም። አንድ ምሽት ግን ዘፋኟ ስንኝ በስንኝ ላይ እየደራረበች፣ አንዴ እንኳን ትንፋሽ ሳትወስድ ስትወርድ ሰማሁና ንዴት ቢጤ ያዘኝ። «ይህቺ ልጅ አትተነፍስም እንዴ? ማን ናት?» አልኳት።

«ማንም አይደለችም፣ ጋሼ» አለችኝ፣ ዐይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ። «ማን ዘፈነው አይባልም። መጠየቅ ያለብህ የማን ዘፈን ነው ብለህ ነው።»

እሷ ወደ ንባቧ ተመለሰች። እኔ ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ቀረሁ። የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ። እንጀራዬ የሚመጣው ከሌላ ሥራ ቢሆንም ግጥሙ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያልተወኝ አመል ነው። ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲጠይቅልኝ የተመኘሁት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የማን ነው? በእኛ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዘፋኙ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?

## ከዘፋኙ ጀርባ

አንድ ጊዜ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የራሴን ስንኞች በሬዲዮ ሰማሁ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይህ ልጅ ምን ቢደርስበት ነው እንዲህ ያለው!» አለች። ልጁ ያለችው ዘፋኙን ነው። የደረሰው ግን በእኔ ላይ ነበር፤ ያንን አንጓ የጻፍኩት እናቴን ቀብረን በተመለስንበት ሳምንት ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ አቅራቢዋ የዘፋኙን ስም ደጋግማ ጠርታ ወደ ማስታወቂያ ሄደች። እኔም «ወራጅ አለ» ብዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ዘፋኙን አልቀየምኩትም። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እሱ ባይዘፍነው ኖሮ ያ አንጓ እስከ ዛሬ ከደብተሬ አይወጣም ነበር። የካሴት ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ ከሽፋኑ በስተጀርባ «ግጥም» እና «ዜማ» ተብሎ በደቂቅ ፊደል ይጻፍ ነበር። መነጽር ያለው ያነበዋል። ዘፈን በስልክ የሚደመጥበት ጊዜ ሲመጣ ያችም ደቂቅ ፊደል ቀረች። ድምፅ ፊት አለው፤ በመድረክ ላይ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሠርግ ላይ ይጠራል። ግጥም ፊት የለውም። ሰው የሰማውን ቃል ከሰማበት ጉሮሮ ነጥሎ ማየት አይሆንለትም፤ እኔም ሌላ ሰው የጻፈውን ዘፈን ስሰማ አይሆንልኝም።

የእህቴ ልጅ ዘፈኖች ይህንን ሥርዓት ከሥሩ ገልብጠውታል። ዘፋኟ ሰው አይደለችም፤ ሚኩ የምትባል በኮምፒውተር የተሠራች ድምፅ ናት። ለሁሉም አንድ ስለሆነች የእሷ ስም ለአድማጩ ምንም አይነግረውም። «የሚኩ ዘፈን» ማለት «በፒያኖ የተጫወቱት ዘፈን» ከማለት ብዙ አይርቅም። አድማጩ ዘፈን ከዘፈን የሚለየው በደራሲው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አገር መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ ገረመኝ፤ ትንሽም አስቀናኝ።

## ከሳፖሮ የወጣችው ድምፅ

ቮካሎይድ የሚባለው፣ ግጥምና ዜማ ሲሰጡት የሚዘፍነው ሶፍትዌር የያማሃ ሥራ ነው፤ ምርምሩ የተካሄደው ባርሴሎና ከሚገኘው የፖምፔኡ ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች በ2004 ለገበያ ቀረቡ (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ ናቸው)። ሊዮን እና ሎላ የሚባሉ እንግሊዝኛ ዘፋኞች ነበሩ፤ ብዙም አልተወራላቸውም። ወሬው የመጣው ነሐሴ 31 ቀን 2007 ነው። በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት ሳፖሮ ከተማ ያለ ክሪፕተን የሚባል ኩባንያ ሃትሱኔ ሚኩን አወጣ። ድምፁ ሳኪ ፉጂታ ከምትባል የድምፅ ተዋናይት የተቀዳ ነው። ሥዕሉን ኬይ በሚል ስም የሚታወቅ ሠዓሊ ሠራው፤ እስከ ባቷ የሚወርድ በሁለት የታሰረ አረንጓዴ ሰማያዊ ፀጉር ያላት ልጅ፣ የልብሷ ቀለም ከያማሃ ዲኤክስ7 የሙዚቃ መሣሪያ የተወሰደ።

ኩባንያው ስለ ልጅቷ የተናገረው ጥቂት ነው፤ ዕድሜዋ 16፣ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 42 ኪሎ። በቃ። አባት የላት፣ እናት የላት፣ ያደገችበት ሰፈር የላት፣ ያፈቀረችው ሰው የላት። የታሪክ ያለህ ቢሏት የምትመልሰው የላትም። እኔ ነጋዴው ብሆን ኖሮ ታሪክ ፈልስፌ በሣጥኑ ላይ እጽፍላት ነበር፤ ሥራውንም አበላሸው ነበር።

ይህንን ባዶነት ሰዎች ወዲያው ሞሉት። ኒኮኒኮ ዶጋ የሚባለው የጃፓን የቪዲዮ መድረክ ያኔ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የተመልካቹ አስተያየት በቪዲዮው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየበረረ የሚያልፍበት ጫጫታ የበዛበት ቦታ ነው። ቀን ቢሮ የሚውሉ፣ ትምህርት ቤት የሚውሉ፣ ከቤት የማይወጡ ሰዎች ማታ የሠሩትን ዘፈን እዚያ ይለጥፋሉ። ብዙዎቹ ፊታቸውን አያሳዩም፤ በብዕር ስማቸው መጨረሻ ላይ «ፒ» የምትል ፊደል ይጨምራሉ፤ ፕሮዲዩሰር ለማለት ነው። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ዘፈን ሚኩ ስለ ራሷ፣ ሶፍትዌር ስለመሆኗ የምትዘፍነው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ርዮ የሚባል ደራሲ «ሜልት» የሚለውን ዘፈን ሲለቅ ነገሩ ተለወጠ። ጃንጥላ ይዛ ከምትወደው ልጅ ጋር ስለምትሄድ ተራ ልጃገረድ ነው፤ ስለ ኮምፒውተር አንዲት ቃል የለበትም። ከዚያ ወዲያ ዘፋኟ ማንንም መሆን ቻለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ሥራውን አሳየችኝ። በስክሪኑ ግራ የፒያኖ ቁልፎች ተገትረዋል፤ ከእነሱ ወደ ቀኝ የተሰመረ ሰሌዳ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ኖታ አንድ አጭር ወይም ረጅም አሞሌ ነው፤ በአሞሌው ውስጥ አንድ የጃፓን ፊደል ይቀመጣል። በሀሁ ያደገ ሰው ይህንን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም። የጃፓንኛ ክፍለ ቃል እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ ተጣብቀው የሚሄዱበት ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ። ለአንድ የድምፅ ከፍታ ወደ 500 የሚጠጋ ቁርጥራጭ ድምፅ ከተቀዳ ጃፓንኛ ይዘፈናል፤ እንግሊዝኛ 2,500 ያህል ይፈልጋል። ዘፋኟ በዚያ አገር ቶሎ አፍ የፈታችው አለምክንያት አይደለም።

አሞሌዎቹን ደርድራ ስታበቃ ዘፈኑን ለቀቀችው። ደረቅ ነበር፤ ፊደል የምትቆጥር ተማሪ። ከዚያ ከአሞሌዎቹ ሥር ያለውን ሰሌዳ ከፈተችና መስመር በመስመር መሥራት ጀመረች። አንዱ መስመር የድምፁ ጉልበት ነው፤ አንዱ ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚሰማ ይወስናል፤ አንዱ ድምፁን ከኖታው በታች አስነሥቶ ወደ ላይ ይስበዋል። የመጨረሻዋን ፊደል መነሻ በጥቂቱ ዝቅ አደረገችና ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን ኩርባ ሣለችላት። መልሳ ለቀቀችው። ዘፋኟ ልታለቅስ ዳርዳር ያለች መሰለኝ። «አየህ፣ ጋሼ፣ ይህቺን ኩርባ የሣልኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቢሠራው ሌላ ልጅ ትሆናለች።» ለአራት ስንኝ ሁለት ሰዓት ፈጀባት።

## «ተቀበል!»

የጃፓን የቆየ ዘፈን ቅኝቱ ከትዝታ ጋር ይገጥማል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነትም ነው። እኔን የያዘኝ ግን ቅኝቱ አልነበረም። ያ እሑድ ሲመሽ በሐሳቤ የመጣብኝ አዝማሪ ቤት ነው።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ አንዱ ጠጪ ጠርሙሱን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ቃል መልሶ ያዜመዋል። ያ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቢዘፍን ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። በአዝማሪው አፍ ሲወጣ ግን ለባላንጣው ስድብ፣ ለሚስቱ ይቅርታ፣ ለመንግሥት ምሬት ይሆናል። ቃሉን የሰጠው ሰው አንገቱን ደፍቶ መጠጡን ይጠጣል፤ ማን እንደተናገረ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም አልተናገረም። የጥንት ሰዎች «አዝማሪ ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁት አዝማሪው በሌላው ሰው አፍ ሊባል የማይችለውን ስለሚል ነው።

ሚኩ ለእኔ ይህቺ ሆነችብኝ። ቀን ቢሮው ጥግ ተቀምጦ አቀርቅሮ የሚውለው ሰው ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «ተቀበዪ» ይላታል። ትቀበለዋለች። ድምፁ ጎርናና ነው፣ ዐይን አፋር ነው፣ መልኩ ለመድረክ አይሆንም፤ ለእሷ ግድ አይደለም። ሽልማት ግንባሯ ላይ አይለጠፍም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ዘፈን በውስጡ ሞልቶ ጉሮሮ የተነፈገ ሰው በየቤቱ ስንት አለ! ኩባንያውም መንገዱን አልዘጋባቸውም። ሶፍትዌሩን የገዛ ሰው በድምፁ የሠራውን ዘፈን ሊሸጠው ይችላል፤ ሥዕሏንም ለንግድ እስካላዋለው ድረስ እንዳሻው ይሥላታል።

አዝማሪው ግን ሰው ነው። ስንኙ ሲወላገድበት ያቃናዋል፤ ካልጣመው ከራሱ ይጨምርበታል፤ ሰጪውን መልሶ ይወጋዋል። ሚኩ አትወጋም። የሰጧትን ሁሉ ታዜማለች፤ የሚረባውንም የማይረባውንም፣ ጨዋውንም ባለጌውንም። እዚህ ላይ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ ለዘለዓለም 16 ዓመት የሆነች፣ እምቢ ማለት የማታውቅ ልጅ አፍ ውስጥ ወንዶች ያሻቸውን የሚጨምሩበት ሥርዓት ሁልጊዜ ደስ የሚል መልክ የለውም። ይህንን ለእህቴ ልጅ ብነግራት «ሴቶችም ይጽፉላታል እኮ» አለችኝ። ይጽፉላታል። እሷ ራሷ ልትጽፍላት እየሞከረች አይደል? መቆርቆሩ ግን አልተወኝም፤ እዚህም ጽፌዋለሁ።

## የሞተው እና የምትዘፍነው

አሁን ወደዚያ ትንፋሽ አልባ ዘፈን ልመለስ። አንድ ማታ ያው ዘፈን ሲከፈት አውቄው፣ በተማርኩት መሠረት ጠየቅኋት። «ይህ የማን ዘፈን ነው?»

«የዎዋካ» አለችኝ። «ሮሊንግ ገርል ይባላል። በ2010 ነው የሠራው።» ትንሽ ቆይታም «ሞቷል» ብላ ጨመረች።

ሚያዝያ 5 ቀን 2019፣ ገና በ31 ዓመቱ። የእኔ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ድምፁን ሊቀንሰው ነበር። በእኛ ቤት የሞተ ሰው ሲዘፍን ዝም ይባላል። አንድ ታላቅ ዘፋኝ ሲያርፍ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ዘፈኖቹን ይለቃል፤ ትናንት የምንጨፍርበት ዘፈን ዛሬ ልቅሶ ይሆናል፤ ምክንያቱም ያ ከሬሳ ሣጥን ውጪ የቀረ የሰውዬው ገላ ነው። ጉሮሮውን፣ ትንፋሹን፣ የምናውቀውን ሳል እንሰማለን። እጄ ግን መንገድ ላይ ቆመ። እዚህ የሞተ ሰው የሚዘፍን የለም። የምትዘፍነው ልጅ አልሞተችም፤ በ2010 እንደዘፈነችው አድርጋ፣ አንዲት ቅንጣት ሳይጎድልባት ትዘፍናለች። የሞተው ሰው ድምፅ ዘፈኑ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ታዲያ ሰውዬው የት ነው ያለው?

እንደገና እንድትከፍተው ጠየቅኋት። ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ተረጎመችልኝ። ስለምትንከባለል ልጅ ነው፤ ወድቃ ተነሥታ አሁንም አንድ ጊዜ፣ አሁንም አንድ ጊዜ እያለች ራሷን የምታንከባልል። በቃሽ ወይ ይላታል አንድ ድምፅ፤ ገና ነኝ ትላለች። የአዝማቹ መዝጊያ ላይ ደግሞ አሁን ትንፋሼን ልያዝ ነው ትላለች። ይህንን ስሰማ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ትንፋሽ ስለመያዝ የሚያወራውን አዝማች ትንፋሽ ለሌላት ዘፋኝ ነው የሰጠው። ከፍታው ለሰው ጉሮሮ ጭንቅ ነው፤ ቃላቱ መተንፈሻ እንዳይገኝባቸው ተደርገው ተጠባብቀዋል። ሰው ቢዘፍነው በእውነት ይታፈናል። እሷ አትታፈንም። የሚታፈነው አድማጩ ነው። እኔ በመጀመሪያው ምሽት የተናደድኩት ለካስ ደራሲው ያሰበውን በትክክል ደርሶብኝ ነው።

«ሰዎችም ዘፍነውታል» አለችኝ የእህቴ ልጅ። «ጥሩ ጥሩ አሉ። ግን እዚያ የምሰማው ዘፋኙን ነው። እንዴት እንደቻለው።»

እውነቷን ነበር። ሰው ሲዘፍነው የምናደንቀው ብርታቱን ነው፤ ትግሉ ያምራል፤ ትግሉ ግን የዘፋኙ ነው። እሷ ስትዘፍነው በደራሲውና በእኔ መካከል የቆመ ሰው የለም። አንድ ሰው በምሽት ተቀምጦ «እዚህ ላይ መተንፈሻ አልሰጥም» ብሎ ሲወስን እሰማዋለሁ። ውሳኔው ነው የቀረው። የገጣሚ ገላ እንዲህ ያለ ነገር ነው እንግዲህ፤ ቃል የተቆረጠበት ቦታ፣ ቤት ያልመታበት ቦታ፣ የሚጠበቀው ዕረፍት የተነፈገበት ቦታ። ታክሲ ውስጥ ያችን ሴት «እዚያ ጋ ነኝ» ልላት ብችል ኖሮ የማሳያት ይህንን ነበር፤ ሁለተኛው አንጓ ላይ አንድ ቀለም አውቄ አጉድዬ ነበር፤ ዘፋኙ ግን በዜማ ሞላት።

ዎዋካ በኋላ በራሱ ድምፅ መዝፈን ጀምሯል። ሂቶሪዬ የሚባል ባንድ መሥርቶ ጊታር እየመታ ይዘፍን ነበር። በ2017 የሚኩ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ለእሷ ዘፈን ጻፈላት። ሲሞት ባንዱ አልፈረሰም፤ ከአባላቱ አንዱ የመዝፈኑን ሥራ ወስዶ ቀጠሉ። እዚያ ግን ክፍተቱ ይሰማል፤ ማንም ቢዘፍን በሰው ቦታ ቆሞ ነው የሚዘፍነው። ለሚኩ በሰጣቸው ዘፈኖች ውስጥ የተተካ ነገር የለም፤ ሊተካ የሚገባውም የለም። ይህ የሚያጽናና ነው ወይስ የሚያስፈራ? የእህቴ ልጅ ያጽናናል ትላለች። እኔ እንደ ቀኑ ነው።

## ዘፋኟ ስትሰወር

ለጥቂት ሳምንት በዚህ ግኝቴ ተደስቼ ሰነበትኩ፤ ለወዳጆቼም ሁሉ አወራሁ። አንዱ፣ እሱ ራሱ ምሽት ክበብ ውስጥ ሲዘፍን የኖረ፣ እስኪያልቅ ሰምቶኝ «እና ድምፁን የሰጠችው ልጅስ?» አለኝ።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ሳኪ ፉጂታ ለሚኩ ብላ ስቱዲዮ ስትገባ የዘፈነችው ዘፈን የለም። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት ተደርድረውላት በተለያየ ከፍታ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ካ ኪ ኩ፣ ሳ ሺ ሱ። ከዚያ ቁርጥራጭ እሷ ሰምታቸው የማታውቃቸው፣ ሐሳባቸውን የማትጋራቸው ሺህ በሺህ ዘፈኖች ወጡ። ስሟ አልተደበቀም፤ ነገሩን የሚከታተል ሁሉ ያውቃታል። ግን የእኛ አገር ገጣሚ የቆመበት ቦታ ላይ እዚያ የቆመችው እሷ ናት፤ ከደቂቁ ፊደል ውስጥ። ደራሲው ወደ ፊት ሲመጣ አንድ ሰው ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። ወዳጄ ይህንን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበር፤ ጉሮሮው እንጀራው ነውና አልፈርድበትም።

ደግሞ ደራሲዎቹ ራሳቸው ሁሉ በዚያ አልቀሩም። ሃቺ በሚል ስም ለሚኩ ይጽፍ የነበረው ኬንሺ ዮኔዙ በ2012 ስሙን ገልጦ በራሱ ድምፅ የዘፈነውን አልበም አወጣ፤ ዛሬ በጃፓን ከገነኑት ዘፋኞች አንዱ ነው። ዮአሶቢ ከሚባለው ጥንድ ዘፈኑን የሚደርሰው አያሴም ከዚሁ መንደር የወጣ ነው። ዮኔዙ በ2017 በሃቺ ስም ተመልሶ ለአሥረኛው ዓመት በዓል በሠራው ዘፈን መንደሩን አሸዋ የለበሰ ፕላኔት አድርጎ ሣለው። ግማሹ ተቆጣ፣ ግማሹ እውነት ነው አለ። እኔ ግን አንድ ጊዜ በራሱ ጉሮሮ መዝፈን የቻለ ሰው ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ነው የገረመኝ። ለወቀሳም ቢሆን፣ ያንን ወቀሳ ያስዘፈናት ለእሷው ነው።

የመድረክ ነገርም አለ፤ ብዙ አልቆይበትም። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ብርሃን በሚያሳልፍ መጋረጃ ላይ ምስሏን እያሳዩ ትዕይንት ያቀርባሉ፤ አዳራሹ በእጅ መብራት ይሞላል፤ ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን የሚጫወቱት ግን ከጎን የቆሙ በላብ የተጠመቁ ሰዎች ናቸው። በ2024 በካሊፎርኒያ ኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በመጋረጃው ፋንታ ተራ ስክሪን ቢጠቀሙ አድናቂዎች ቅር ተሰኙ። የሌለች ልጅ በአካል አልመጣችም ተብሎ የሚከፋበት ዘመን ላይ ደረስን። ሳቅኩ፤ የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀችም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሁን የሚወጡት ማሽኖች ከሰው የማይለይ ትንፋሽ ይተነፍሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ግጥሙንም ዜማውንም ድምፁንም በአንድ ትእዛዝ ያወጣሉ። ብዙ ሰው እነዚህንና ሚኩን በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ለእኔ አንድ አይደሉም። ሚኩ አፍ እንጂ ቃል የላትም፤ ቃሉን የሚያመጣ ሰው ካልመጣ ዝም ትላለች። በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ግን የእህቴን ልጅ ጥያቄ ብትጠይቁ ማን ይመልስላችኋል? የማን ዘፈን ነው ሲባል «እንጃ» የሚባልበት ዘፈን በየታክሲው መሰማት ሲጀምር ዘፋኙም ገጣሚውም አንድ ላይ ነው ከሽፋኑ የሚፋቁት።

## ጠ እና ቀ

በቅርቡ የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በአማርኛ ልታዘፍናት አስባለች፤ ግጥም ስጠኝ አለችኝ። የሰጠኋት ይህንን ነው፦

ቀጠሮሽን ጠብቄ ቀኑ ጨለመብኝ፣
ጥላዬም ሰለቸው ከፊቴ ጠፋብኝ።

የጃፓኗ ልጅ አናባቢዎች አምስት ናቸው፤ የእኛ ሰባት። ግዕዙን ሁሉ ወደ ራብዕ፣ ሳድሱን ሁሉ ወደ ካዕብ ቀየረችላት። ጠ፣ ጨ፣ ቀ የሚባል ነገር በዚያ ጉሮሮ ውስጥ ጭራሽ የለም። ለውም ረ ይሆናል። ተቀመጥንና ለቀቀችው፦ «ካታሮሹን ታቡኬ ካኑ ቻራማቡኙ»። ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ «ማን ነው የታመመው?» አለች። ሦስታችንም እስክናነባ ሳቅን።

ልጅቷ ግን እልኸኛ ናት። ከኖታው በፊት ቅንጣት ታህል ዝምታ አስገብታ፣ የሚቀጥለውን ፊደል ጉልበት ድንገት ከፍ ብታደርገው ታ ወደ ጠ ጠጋ እንደሚል አገኘች። ጠጋ ይላል እንጂ አይደርስም። ቀ ላይ ደግሞ ምንም አልሠራላትም። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ቃሉን ቀይርልኝ። ቀጠሮን አውጣው።»

«ቀጠሮ ከወጣማ ግጥሙ ምን ቀረው? ሰውየው ምን እየጠበቀ ነው የመሸበት?»

«ሌላ ነገር ይጠብቅ። ‹ደብዳቤ› በለው። ‹ደብዳቤ› ትችላለች።»

«‹ጠብቄ› የሚለውስ?»

«እሱንም።»

ስንት ዓመት ከዘፋኞች ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩበት ክርክር ነው፤ ይህ ቃል ለአፌ አይመቸኝም፣ ይህ ፊደል ከፍ ስል ያንቀኛል፣ ይህንን አውጣልኝ። የሌለች ዘፋኝ ያንኑ ትጠይቀኛለች ብዬ አልጠበቅኩም። ለሰው ዘፋኝ ብዙ ጊዜ እሺ ብያለሁ። ለዚህቺ ግን እንቢ አልኩ፤ በዚህም ሳምንት ሁሉ እየተከራከርን ነው። ትናንት ማታ ሁለተኛውን ስንኝ ልተውላት ተስማምቻለሁ፤ ቀጠሮን ግን አልለቅም።